«ባ-ዲ-ያ» ትርጉም አያስፈልገውም

ባለፈው ሳምንት አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም አቅራቢ፣ «ሴፕቴምበር» የተባለው የአሜሪካው ባንድ የኧርዝ፣ ዊንድ ኤንድ ፋየር ዘፈን ከሠርግ አዳራሾች ሊወጣ ይገባል ሲል ሰማሁ። ያቀረባቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው። ዘፈኑን በሕይወት ያቆየው የአንድ ትውልድ ትዝታ ብቻ ነው፤ አዝማቹም «ባ-ዲ-ያ» የሚል ትርጉም የሌለው ጩኸት ነው። በቀልድ ብሎት ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት ነበር። ሰውየው ግን ከልቡ ተናግሯል፤ እኔም ከልቤ ተናድጃለሁ።

በትዝታው ልጀምር። ዘፈኑ የወጣው በኅዳር 1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1971 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዛሬ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጆቻቸውን የሚድሩት የአዲስ አበባ ወላጆች ያን ጊዜ የሚኖሩት በሰዓት እላፊ ሥር ነበር፤ ወጣትነታቸው ያለፈው በጊዜ ቤት በመግባት እንጂ በጭፈራ አይደለም። ሙሽሮቹ ደግሞ ገና አልተወለዱም። ታዲያ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚጨፈረው የማን ትዝታ ነው?

ሁለተኛው ክስ ይብሳል። አቅራቢው እንደ አዲስ ግኝት ያነሣውን ጥያቄ፣ ገና ዘፈኑ ሲጻፍ ያነሣችው ግጥሙን ከባንዱ መሪ ከሞሪስ ዋይት ጋር የጻፈችው አሊ ዊሊስ ራሷ ናት። «ባ-ዲ-ያ» የሚለውን ትርጉም ባለው ቃል እንዲለውጠው ወተወተችው፤ እሱ ግን እምቢ አለ። እሷም ከዓመታት በኋላ፣ ቃል የዘፈንን ምት እንዳያደናቅፍ መጠንቀቅን የተማርኩት ከዚያ ነው ስትል ተናግራለች። የተሟገተችው ሴት የተረታችበትን ክርክር፣ አቅራቢያችን ማስረጃ ሳይጨምር እንደገና ሊከፍተው ይፈልጋል።

ለመሆኑ «ሆያ ሆዬ» ማለት ምን ማለት ነው? ቡሄ በደረሰ ቁጥር ልጆች በየደጃፉ ቆመው በዱላቸው መሬቱን እየደበደቡ ሲጨፍሩ፣ ቃሉን ተርጉሙልን ያላቸው አባወራ አላውቅም። አውጪው ስንኙን ያወርዳል፣ ተቀባዮቹ «ሆ!» ይላሉ። ስንኙ የአውጪው ነው፤ «ሆ» ግን የሁሉም ነው፤ ትናንት ከቡድኑ የተቀላቀለው፣ ግጥሙን ገና ያላጠናው ትንሹ ልጅ ሳይቀር እኩል ይለዋል። ትርጉም ያለው ቃል ቋንቋውን የሚያውቀውን ከማያውቀው ይለያል፤ እንዲህ ያለው አዝማች ግን ማንንም ደጅ አያስቀርም። ይህን ባዶነት የሚለው ሰው ሕዝብ አንድ ላይ ሲዘፍን ሰምቶ አያውቅም ብል አላፍርም።

ባለፈው በጋ በአንድ ሠርግ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። የባንዱ ጊታሪስት የአል ማኬይ ጊታር ገና ሲጀምር፣ እንግሊዝኛቸው ከሰላምታ የማያልፍ የሙሽራዋ አክስት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አስረው ተነሡ። ስንኙ እስኪያልቅ አፋቸውን ገጥመው ትከሻቸውን ብቻ ሲነቀንቁ ቆዩና፣ አዝማቹ ሲደርስ ከጎረምሳ የልጅ ልጃቸው እኩል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ባ-ዲ-ያ!» አሉ። ልጁ ደንግጦ ዞሮ አያቸው፤ ከዚያ እጃቸውን ይዞ ወደ መሐል አስገባቸው።

ዘፈኑ በየዓመቱ ግጥሙ በሚጠራት ቀን፣ በሴፕቴምበር 21፣ ማለትም በእኛ መስከረም 11፣ እስኪሰለች ድረስ እንደሚደጋገም አልክድም። ጥፋቱ ግን የደጋጋሚዎቹ ነው። የባንዱ ባልደረባ የቨርዲን ዋይት ቤዝ ጊታር ዛሬም ያንኑ ያህል ይገፋል፤ የአዝማቹ ኮርዶችም አንድ ቦታ ሳያርፉ ስለሚዞሩ አካልም ማረፍ ያቅተዋል። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2018 እ.ኤ.አ. ለትውልድ እንዲጠበቁ ከመረጣቸው ቅጂዎች መካከል ያስገባው አንዱ ይህ ዘፈን ነው።

አቅራቢው «ሴፕቴምበር» ከሠርግ ይውጣ ካለ፣ እኒያን አክስትና ያን ጎረምሳ በአንድ ጊዜ ከወንበራቸው የሚያስነሣውን ምትክ በስም ይጥራልን። በዚያ ፕሮግራም ላይ አንድም አልጠራም።