ትምህርት ቤቱ ያልተቀበለው ካርድ

ሰሜን ቨርጂንያ ውስጥ ኦገስት ሲገባ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ የትምህርት ቤት ክትባት ነገር መነሳቱ አይቀርም። ይህኛው ክርክር የተነሳው አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ቤት ውስጥ፣ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ነው። ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣች እናት የአምስት ዓመት ልጇን ኪንደርጋርተን ልታስመዘግብ ሄዳ «ክትባቷ አልተሟላም» የሚል ወረቀት ተሰጥቷት ተመልሳለች። የጤና ጣቢያውን ካርድ ከቦርሳዋ አውጥታ ረከቦቱ አጠገብ ዘረጋችው።

«እስቲ እዩልኝ። ከተወለደች ጀምሮ አንድ ቀጠሮ አላዛነፍኩም። ሁሉም ተሞልቷል፣ ማኅተምም አለው። ምን ጎደለ ነው የሚሉኝ?»

ቀድሞ የመለሰላት ኡበር የሚነዳው ሰው ነው። «ለዚህ ምን አስጨነቀሽ! ሲአርኢ-1 የሚባል ፎርም አለ። ክትባት ከሃይማኖቴ ጋር ይጋጫል ብለሽ ኖተሪ ፊት ትፈርሚና ለትምህርት ቤቱ ትሰጫለሽ፣ በቃ። የኔዎቹ ሁለቱም እንደዚያ ነው የገቡት።»

ሕፃናት ክሊኒክ የምትሠራው ነርስ ሲኒዋን አስቀመጠች። «ወንድሜ፣ ሃይማኖትህ ክትባት ይከለክላል?»

«አይከለክልም። ሕጉ ግን ይፈቅዳል።»

«ሕጉ የፈቀደው ለሚያምንበት ነው። አንተ የማታምንበትን ነገር ምለህ ፈረምክ ማለት ነው።»

ሰውየው ወደኋላ አላለም። «እሺ፣ መሐላውን ተይው። ዋናውን ነገር ልንገርሽ። የልጄ ገላ የኔ ኃላፊነት ነው እንጂ የካውንቲው አይደለም። ልጄ ጤነኛ ነው። ያልታመመ ልጅ ካልተወጋ አይማርም ማለት ግድ ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ግድ ሲሉኝ ደስ አይለኝም።»

እዚህ ላይ ጡረታ የወጡት ፋርማሲስት ገቡበት። «ይሄ ክርክር ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስልህ። በ1905 አንድ የማሳቹሴትስ ሰው የፈንጣጣ ክትባት አልወስድም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ተረታ። በ1922 ደግሞ በቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ፣ ያልተከተበች ተማሪ ልግባ ተብሎላት ተከራክረው ተረቱ። ስቴቶቹ ማስገደድ ይችላሉ የተባለው ያኔ ነው። ካሊፎርንያ ከ2016፣ ኒውዮርክ ከ2019 ጀምሮ ሃይማኖትን ምክንያት አድርጎ መቅረትን ዘግተዋል። ቨርጂንያ አልዘጋችም።»

«ካልዘጋች ታዲያ ምኑ ላይ ነው ጥፋቴ?»

«ጥፋት አላልኩህም፤ ቆይ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ ልጅ ኩፍኝ ይዞት ቢገኝስ? የታመመ ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ አየር ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። መከላከያ ከሌላቸው አሥር ልጆች ዘጠኙን ይይዛል። ያንተ ልጆች ፎርም ስላላቸው ከክፍል ይወጡና ለመጨረሻ ጊዜ ከተጋለጡበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን ቤት ይቀመጣሉ። በመሃል ሌላ ልጅ ታሞ እንደገና ከተጋለጡ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ማን ይጠብቃቸዋል? አንተ መኪናውን አቁመህ?»

ሰውየው ዝም አለ። ሌላዋ ሴት ግን ዝም አላለችም፤ የእሷ ጭንቀት ከሃይማኖትም ከነፃነትም የመጣ አይደለም። «የእህቴ ልጅ ‹እማዬ፣ ውሃ› ይል ነበር። ኤምኤምአር የሚባለውን የኩፍኝ ክትባት በተወጋ በጥቂት ወር ውስጥ ቃላቱ ጠፉ። ዛሬ ኦቲዝም ነው ተብሏል። እኔ ሳይንስ አልተማርኩም፤ ያየሁትን ነው የምናገረው።»

በዚህ ጊዜ የሁሉም ድምፅ ዝቅ አለ። ነርሷም ስትመልስ ተጠንቅቃ ነው። «እህቴ፣ ያየሽውን አላየሽም አልልሽም። ኤምኤምአር የሚሰጠው ከ12 እስከ 15 ወር ነው። ኦቲዝም ደግሞ ምልክቱ ጎልቶ የሚታየው፣ አንዳንዱም ልጅ የያዘውን ቃል የሚጥለው፣ በዚያው ሰሞን ከዓመት ከመንፈቅ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የተከተበውም ያልተከተበውም ላይ እንደዚያው ነው የሚታየው። ዴንማርክ ውስጥ ከ650 ሺህ በላይ ሕፃናት ለዓመታት ተከታትለው በ2019 ውጤቱን አወጡ፤ በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል ልዩነት የለም።»

«ክትባቱና ኦቲዝም ይያያዛሉ ያለው ያ እንግሊዛዊ ሐኪምስ?»

«ዌክፊልድ የጻፈው በ1998 ነው፣ በ12 ልጆች ላይ ብቻ ተመሥርቶ» አሉ ፋርማሲስቱ። «መጽሔቱ ጽሑፉን በ2010 ሰረዘው፣ እሱም በዚያው ዓመት የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ። ከዚያም በኋላ ግን ሚኒሶታ ድረስ መጥቶ ሶማሌዎቹን ሰብስቦ አነጋግሯል። በ2004 በዚያ ማኅበረሰብ የኤምኤምአር ክትባት 92 ከመቶ ነበር፤ በ2014 ወደ 42 ወረደ። በ2017 ኩፍኝ ገባና 75 ሰው ታመመ፣ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ልጆች ናቸው። የኦቲዝሙ ቁጥር ግን አልቀነሰም። እነዚያ ወላጆች ሞኞች ሆነው አይደለም፤ ልክ እንደ አንቺ ለልጅ ፈርተው ነው።»

የቤቱ አሮጊት እስካሁን አልተናገሩም ነበር። «ልጆቼ፣ እኛ ኩፍኝ የገባበት ልጅ ጨለማ ቤት እናስተኛ ነበር፤ ብርሃን ዓይኑን እንዳይጎዳው። ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ነው። ክትባቱ ቢኖር ማን እንቢ ይል ነበር?» ብለው ጀበናውን አነሱ።

እናቲቱ ትዕግሥቷ አለቀ። «ኧረ የኔን ነገር አትርሱት! እኔ እኮ አስከትቤያለሁ!»

ነርሷ ካርዱን ወደ ራሷ ሳበችና በጣቷ እየተከተለች ታነብ ጀመር። ለብዙ ሰው የሚጠቅመው ከዚህ በኋላ ያለው ስለሆነ ሳላሳጥር አስፍሬዋለሁ።

የመጀመሪያው ጣጣ የዘመን አቆጣጠር ነው። አምስት በሽታ የሚከላከለው የፔንታ ክትባት አንደኛው ዶዝ «24/04/2012» ተብሎ ተጽፏል፤ ታኅሣሥ 24 ቀን ማለት ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ ጃንዋሪ 3፣ 2020። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ 24ኛ ወር ስለሌለ ኤፕሪል 24፣ 2012 ብላ አነበበችው። የልጅቷ ፓስፖርት ደግሞ የትውልድ ቀኗን ኖቬምበር 22፣ 2019 ይላል። ኮምፒውተሩ ከመወለዷ ሰባት ዓመት በፊት የተሰጠ ክትባት አይቀበልም፤ መስመሩን በሙሉ ጣለው። ኩፍኙም «20/12/2012» ነው፣ ነሐሴ 20፣ ማለትም ኦገስት 26፣ 2020፤ እነሱ ዲሴምበር አደረጉት።

«ስለዚህ ቀኑ ቢስተካከል ታልፋለች?» አለች እናቲቱ።

«ግማሹ ያልፋል፣ ግማሹ አያልፍም» አለች ነርሷ። «የዘጠኝ ወሩ ኩፍኝ እዚህ አይቆጠርም፤ የመጀመሪያው ዓመት ልደት ካለፈ በኋላ የተሰጠ መሆን አለበት። የ15 ወሩ ለኩፍኝ ይቆጠራል፣ ግን ውስጡ ኩፍኝ ብቻ ነው፤ ጆሮ ደግፍና ሩቤላ የለበትም። ቨርጂንያ ጆሮ ደግፍንም ሁለት ጊዜ ትጠይቃለች። ስለዚህ ሦስቱንም የያዘውን ኤምኤምአር ሁለት ጊዜ ትወስዳለች፣ ቢያንስ 28 ቀን አራርቃ። ተጨማሪ ኩፍኝ መውሰዷ አይጎዳትም።»

ፔንታው ጥሩ ነው። ለዘጊ አናዳ፣ ለመንጋጋ ቆልፍና ለትክትክ ሦስቱም ዶዞች ይቆጠራሉ። ከአራተኛ ዓመት ልደቷ በኋላ የተሰጠ አንድ ዶዝ ስለሚያስፈልግ አሁን አንድ ዲታፕ (የእነዚሁ የሦስቱ ክትባት) ብትወስድ ይሟላል። በዚያው ፔንታ ውስጥ ያለው የሄፓታይተስ ቢ ግን ችግር አለበት፦ የመጨረሻው ዶዝ ሕፃኑ 24 ሳምንት ሳይሞላው ከተሰጠ ዋጋ የለውም፣ የኛ ሦስተኛው ፔንታ ደግሞ በ14ኛው ሳምንት ነው። ስለዚህ አንድ ሄፓታይተስ ቢ ይጨመራል።

እናቲቱን በጣም ያስገረማት ፖሊዮው ነው። አራት ጊዜ ጠብታ ወስዳለች፤ አንዱም አልተቆጠረም። ከኤፕሪል 2016 ወዲህ በዓለም ላይ በመደበኛ ክትባት የሚሰጠው ጠብታ ሁለት ዓይነት ፖሊዮ ብቻ የያዘ ነው፤ አሜሪካ የሚጠየቀው ሦስቱንም ነው። በ14ኛው ሳምንት ጭኗ ላይ የተወጋችው አይፒቪ የሚባለው የፖሊዮ መርፌ ግን ሦስቱንም ስለያዘ ይቆጠራል። አሁን አንድ፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ሌላ አይፒቪ ብትወስድ ይበቃታል። በዘመቻ ጊዜ የተሰጣት ሁሉ ካርዱ ላይ ስላልሰፈረ እንዳልተሰጠ ነው።

ጉድፍ (ችክን ፖክስ) እና ሄፓታይተስ ኤ ካርዱ ላይ ከነጭራሹ የሉም፤ ከሁለቱም ሁለት ሁለት ዶዝ ትወስዳለች። ጉድፉ በሦስት ወር፣ ሄፓታይተስ ኤው በስድስት ወር ልዩነት ነው። ጉድፍ ይዟት ከነበረ ሐኪም በጽሑፍ ካረጋገጠ ወይም ደም ተመርምሮ ከታየ ይቀርላታል። የሳንባ ምች ክትባቱና ሂብ የሚባለው አምስት ዓመት ስላለፋት አያስፈልጓትም።

«አንድ ነገር ተጠንቀቂ» አለች ነርሷ። «ኤምኤምአርና ጉድፍ ሕያው ክትባቶች ናቸው። በአንድ ቀን ካልተሰጡ 28 ቀን መለያየት አለባቸው። በ25ኛው ቀን ከተሰጠ ሁለተኛው ይሰረዝና ይደገማል። የቲቢ ምርመራ ካዘዙም ወይ በዚያው ቀን ይሁን፣ ወይ ከኤምኤምአር በኋላ አራት ሳምንት ይቆይ፤ በመሃል ከተሠራ ውጤቱ ሊሳሳት ይችላል። ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት ስለወሰደች የቆዳው ምርመራ ሳይኖርባት አለ ሊል ስለሚችል የደሙን ጠይቂ።»

«በአንድ ቀን ስድስት ክትባት? ልጄን ልትገድሉብኝ ነው?»

«ጥምር ክትባት ካላቸው የመርፌው ቁጥር ይቀንሳል። በሁለቱም ክንድና ጭን ይከፋፈላል፣ አንድ ቦታ ሁለት ከሆነ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ይራራቃል። ትኩሳት ይኖራል። የኤምኤምአሩ ትኩሳት የዚያን ቀን ሳይሆን ከሰባተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ያን ጊዜ አትደንግጪ። ከሦስትና ከአራት ሺህ ልጅ አንዱ በትኩሳቱ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ያስደነግጣል፣ ግን ዘላቂ ጉዳት አይተውም።»

ስለ ገንዘቡ ፋርማሲስቱ አሳጠሩት፦ ኢንሹራንስ የሌለው ወይም ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ያለው ልጅ እስከ 18 ዓመቱ በፌዴራሉ ፕሮግራም ክትባቱን በነፃ ያገኛል፤ ለትምህርት ቤት የሚጠየቁትን የቨርጂንያ ጤና ቢሮዎችም በነፃ ይሰጣሉ። ልጅቷም ሁሉን እስክትጨርስ ቤት አትቀመጥም። ከእያንዳንዱ ከሚጠየቀው ክትባት ቢያንስ አንድ ዶዝ ወስዳ የቀሪውን መርሐ ግብር ካቀረበች በቅድመ ሁኔታ ትገባለች፣ 90 ቀንም ይሰጣታል። ድልድዩን ተሻግሮ ሜሪላንድ ግን የቀጠሮ ማስረጃ ለያዘ ልጅ የሚሰጠው 20 ቀን ብቻ ነው። ቀጠሮው ከ90 ቀን የሚያልፈው ለምን እንደሆነ ሐኪሙ ይጻፍላት፣ ለትምህርት ቤቱ ነርስም ቀድማ ታስረዳ። ክርክሩ እዚህ ላይ ቆመ፤ ሰውየውም ፎርሙን እንዲያነሳ ማንም አልለመነውም።

የኔ ፍርድ ይኸው ነው። ግዴታው ትክክል ነው። የኩፍኝ ክትባት ሁለቴ የወሰደ ልጅ 97 ከመቶ ይጠበቃል፣ ግን ክፍሉ ውስጥ በካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ልጅ ቢኖር ይህን ክትባት መውሰድ አይችልም፤ እሱን የሚጠብቀው የጓደኞቹ መከተብ ብቻ ነው። በ2025 ምዕራብ ቴክሳስ ውስጥ ሁለት ያልተከተቡ ልጆች በኩፍኝ ሞተዋል። ኡበር ነጂው በነፃነት ላይ ያነሳው ጥያቄ ክብር ይገባዋል፣ ግን የፈረመው ወረቀት የነፃነት ወረቀት አይደለም፤ በእምነቱ ስም የተማለ ነው፣ የሚያምንበትም ነገር አይደለም። ይህን ለሌላ ሰው እንደ ዘዴ መምከሩ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ፎርሙን ማንሳት ከባድ አይደለም፤ ልጆቹን ያስከትብና የክትባቱን መዝገብ ለትምህርት ቤቱ ይስጥ።

ኦቲዝም አለበት ለተባለው ልጅ አክስት የምለው ሌላ ነው። ልጁ ሦስት ዓመት ካልሞላው ለሕፃናት የሚሰጠውን የቅድሚያ ድጋፍ አገልግሎት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ በቀጥታ የትምህርት ቤት አስተዳደሩን በጽሑፍ ግምገማ ትጠይቅ። ክትባቱን እየወቀሱ የሚያልፈው ወር ለዚያ ልጅ ንግግር የሚማርበት ወር ነበር።

ትምህርት ቤቱም አይቅለለው። «አልተሟላም» ብሎ እናትን መመለስ ሥራ አይደለም። በየዓመቱ ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች የሚመዘገቡበት ቢሮ ካርዱ ላይ ያለው ዘመን የሌላ አቆጣጠር መሆኑን ማወቅ አለበት፤ ለዚህ አንድ ገጽ መመሪያ ይበቃል።

እስከዚያው ግን ሥራው የወላጅ ነው። ካርዱ ላይ ምንም አትጻፉ፤ የተነካካ ካርድ ያጠራጥራል። በሌላ ወረቀት ላይ የክትባቱን ስም፣ የኛን ቀንና ወሩ በፊደል የተጻፈ የፈረንጅ ቀን ጎን ለጎን አስቀምጡና ከካርዱ ጋር አያይዙት። በዓመት መቀነስ ብቻ አትተማመኑ፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ልዩነቱ ሰባት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ይሆናል፣ ቀኑም በየአራት ዓመቱ በአንድ ይገፋል፤ ስለዚህ ስልክ ላይ ባለው መቀየሪያ እያንዳንዱን አረጋግጡ። ለቪዛ የጤና ምርመራ ስታደርጉ ክትባት ከተሰጠ የተሰጣችሁን ቅጂ አትጣሉት፤ እሱ በፈረንጅ ቀን ስለተጻፈ ያለ ክርክር ይገባል። ኤምሲኤች 213 ጂ የተባለውን የትምህርት ቤት የጤና ፎርምም ቀድማችሁ ለሐኪሙ ስጡ፤ የአካል ምርመራው ልጁ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ የተሠራ መሆን አለበት። ቀጠሮውን ማርች ላይ ያዙ። ማርች ላይ የተወሰደ ሄፓታይተስ ኤና አይፒቪ ሁለተኛው ዶዝ ሴፕቴምበር ላይ ይደርሳል፤ ኦገስት ላይ የጀመረ ግን እስከ ፌብሩዋሪ ከነርሷ ጋር ወረቀት ሲመላለስ ይከርማል።