ድልድዩን ተሻግሮ ያለው ካዚኖ

በቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ባለችው የንግድ ሰፈር ታይሰንስ ላይ ካዚኖ (የቁማር ቤት) ይከፈት የሚለው ሐሳብ አልሞት ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2025 የቨርጂኒያ ሴኔት አሳልፎት፣ የተወካዮች ምክር ቤት ሲደርስ ቀረ። ደጋፊዎቹ ግን የሚደክማቸው አይመስሉም። ሕግ ሆኖ ከወጣ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡት የፌርፋክስ ካውንቲ መራጮች ናቸው። ከነሱ ውስጥ ደግሞ እኛ ሐበሾች ጥቂት አይደለንም።

ደጋፊዎቹ ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው፣ የቨርጂኒያ ሰው ገንዘቡን ሜሪላንድ ወስዶ እየቆመረበት ነው የሚል ነው። እውነት ነው። ከአሌክሳንድሪያ የውድሮው ዊልሰንን ድልድይ ከተሻገሩ ኤምጂኤም የሚባለው የሜሪላንድ ካዚኖ እዚያው ነው። ሁለተኛው፣ ግብሩ ለትምህርት ቤቶች ይውላል የሚል ነው። እኔ የማልውጠው ይሄኛውን ነው።

ሜሪላንድ ይህን ተስፋ ቀድማ ቀምሳዋለች። በ2008 ሕዝቡ ስሎት ማሽን (ገንዘብ የሚጎርሰውን የቁማር ማሽን) ሲፈቅድ ገንዘቡ ለትምህርት ነው ተብሎ ነበር። በ2012 ደግሞ ስድስተኛ ካዚኖና የጠረጴዛ ጨዋታ ይፈቀድ ተብሎ እንደገና ድምፅ ተሰጠ። ሁለቱ ወገኖች ለቅስቀሳ ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሱ። የሚያስቀው፣ “ገንዘቡ ትምህርት ቤት አይደርስም” የሚለውን ማስታወቂያ የሚከፍለው ራሱ የካዚኖ ባለቤት ነበር። ፔን ናሽናል የተባለው ይህ ኩባንያ ጎረቤት ስቴት ዌስት ቨርጂኒያ፣ ቻርልስ ታውን ላይ ካዚኖ ነበረው፤ የሜሪላንድ ደንበኞቹ እንዳይሄዱበት ነው። ቢሆንም ያለው ነገር ውሸት አልነበረም።

ገንዘቡማ ትምህርት ፈንድ ገባ። ግን ስቴቱ የካዚኖውን ገንዘብ ሲያስገባ፣ ድሮ ከመደበኛው በጀት ለትምህርት ይመድብ ከነበረው ቀነሰ። ባልዲው ያው፣ ውሃው ያው፤ የተቀየረው ቧንቧው ነው። ይህን ለማስቆም በ2018 የሜሪላንድን ሕገ መንግሥት ማሻሻል ግድ ሆነ። ማሻሻያውን “ባለቁልፍ ሣጥን” ይሉታል፤ የካዚኖው ገንዘብ በነባሩ በጀት ላይ ጭማሪ እንዲሆን ያስገድዳል። ከ10 መራጭ 9 ያህሉ ደገፈው። ከመጀመሪያው ቃል 10 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ወደ ቨርጂኒያ ስንመለስ፣ ዋና ከተማዋ ሪችመንድ ካዚኖ ይከፈትብሽ ስትባል በ2021 በትንሽ ልዩነት እምቢ አለች። በ2023 እንደገና ይዘውባት መጡ፤ ከ60 በመቶ በላይ መራጭ እምቢ አለ። ዕድሉ እዚያው ቨርጂኒያ ላለችው ለፒተርስበርግ ተሰጠና እሷ በ2024 ተቀበለች። ፒተርስበርግን አልፈርድባትም፤ የቸገራት ከተማ ናት። ፌርፋክስ ግን ከአሜሪካ ሀብታም ካውንቲዎች አንዱ ነው። ምን አስቸኮለው?

ቁማር ኃጢአት ነው ብዬ ልሰብክ አይደለም፤ እሱን ለአባቶች ትቻለሁ። የኔ ጭንቀት ቅርበቱ ነው። አንድ የማውቀው ሾፌር ዕቁብ የደረሰው ዕለት “ለአንድ ሰዓት ብቻ” ብሎ አንድ ካዚኖ ገባ። ሲወጣ ነግቷል። ቀሪውን ዙር የከፈሉት ዋሶቹ ናቸው። ያ ሰው ቢያንስ ረጅም መንገድ ነድቶ ነው የሄደው፤ መንገድ ላይ ሐሳቡን የመቀየር ዕድል ነበረው። ታይሰንስ ግን ባቡር ጣቢያው ሥር፣ ሰው ከሥራ ወጥቶ በሚያልፍበት ነው።

ድምፅ መስጫው ከመጣ መጀመሪያ የምፈልገው የባለቁልፍ ሣጥኑን አንቀጽ ነው። ከሌለ ሌላውን ገጽ አላነብም። ካለ ደግሞ፣ ያቺን የዋሶቹን ሒሳብ ማን እንደሚከፍላት እጠይቃለሁ።