ክቡር የሶፋ ካፒቴን

የ14 ሰከንድ ቪዲዮ ስልካቸው ላይ ደረሰች። አውሮፕላኑ በነፋስ ይንገላታል፣ አንዱ ክንፉ ያዘነብላል፣ ጎማው መሬት ነክቶ ተመልሶ ይነሳል፣ ቪዲዮዋም ታልቃለች። የጎማው ጢስ ገና አልበነነም፤ ክቡር የሶፋ ካፒቴናችን ግን ፍርዳቸውን ጽፈው፣ ልከው፣ ትራሳቸውን አስተካክለው ተደላድለዋል። ፍርዳቸው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ «ጀግና!»፣ ወይ «ፈቃዱን ቀሙት!»። መሐል ላይ የሚቀር ነገር አይወዱም።

እጅ ሊነሣላቸው ይገባል። ሌላው ሰው የመንገደኞች አውሮፕላን ካፒቴን ለመሆን 1,500 ሰዓት ያህል መብረር፣ ከዚያም በኋላ በየጊዜው ሲሙሌተር (ምድር ላይ ያለ የበረራ መለማመጃ) ገብቶ ሞተር እየጠፋበት ላቡን ማንጠፍጠፍ አለበት። እሳቸው የሚፈልጉት የስልክ ባትሪ ብቻ ነው። እሱም 20 ከመቶ ሲደርስ አይደናገጡም።

የጀርመኗን የሐምቡርግ ጉዳይ እንይ። እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2008 «ኤማ» የተባለው አውሎ ነፋስ እየገረፈ ሳለ፣ አንድ የሉፍታንዛ ኤርባስ ኤ320 ሊያርፍ ሲል የግራ ክንፉ ጫፍ መሬት ጫረ። የኤርፖርቱ መቆጣጠሪያ ማማ የነገራቸው ነፋስ ሽው ሲል እስከ 47 ኖት (በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ገደማ) ይደርስ ነበር። አብራሪዎቹ ማረፉን ትተው ተነሡ፤ ዞረው በሌላ ማኮብኮቢያ ላይ በሰላም አረፉ። ቪዲዮው ሲወጣ በመጀመሪያ ጀግኖች ተባሉ፤ መሪውን የያዘችው ረዳት አብራሪዋ መሆኗ ሲታወቅ ደግሞ ወሬው ተገለበጠ። መርማሪዎቹ ያገኙት ሌላ ነው፤ የግራው ጎማ መሬት ሲነካ ኮምፒውተሩ «አርፈናል» ብሎ ወደ መሬት አሠራር ተሸጋገረ፣ ክንፉን የሚያቀናው ኃይልም ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። ካፒቴናችን ይህንን ከቪዲዮው ላይ በዐይናቸው አይተውት ነበር። ትሕትና ይዟቸው ዝም አሉ እንጂ።

ስለ ጊዜ ያላቸው ዕውቀትማ አይነገርም። እ.ኤ.አ. በ2009 155 ሰዎችን የያዘ ኤርባስ በወፎች ተመትቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ሲደክሙበት ኒው ዮርክ ውስጥ ሃድሰን ወንዝ ላይ አረፈ። በኋላ አብራሪዎች በሲሙሌተር ተሞከሩ፤ ወፎቹ በመቱበት ቅጽበት ወደ ቅርብ ኤርፖርት ከዞሩት አንዳንዶቹ ደረሱ። ምን እንደሆነ ለማወቅና ለመወሰን የምትፈጀው 35 ሰከንድ ስትጨመር ግን አልተደረሰም። ካፒቴናችን 35 ሰከንዷ አታስፈልጋቸውም። ውጤቱን አስቀድመው ያውቁታላ!

ሙያቸው አምሮ የሚታየው ግን ተሳፋሪ ሆነው ሲሳፈሩ ነው። አብራሪን የሚመዝኑት በመቀመጫቸው ነው፤ ካልተሰማቸው ጎበዝ፣ ደንገጥ ካደረጋቸው ጀማሪ። ማኮብኮቢያው በዝናብ ሲርስ በጣም ለስልሶ ያረፈ ጎማ ውኃው ላይ ሊንሸራተት ይችላል። ጠበቅ አድርጎ ማሳረፍ ውኃውን ይሰነጥቃል፣ ጎማው ይሽከረከራል፣ ክንፉ ላይ ያሉት ስፖይለሮች (ክንፉን ማንሳት የሚያስተዉት ሳንቃዎች) ይነሣሉ፣ ክብደቱ ከክንፉ ወደ ጎማው ይወርዳል፣ ፍሬኑም የሚይዘው ያኔ ነው። «አቤት ሲያለሰልሰው!» ለመባል በ140 ኖት አምስት ሰከንድ የተንሳፈፈ አብራሪ ደግሞ 360 ሜትር ያህል ማኮብኮቢያ ከኋላው ትቷል። ካፒቴናችን ያጨበጭቡለታል፤ ጭብጨባው ጎማው ሣር ውስጥ እስኪገባ ይቀጥላል።

አብራሪው ማረፉን ትቶ ሽቅብ ሲነሣ ደግሞ «ማሳረፍ አቃተው» ይላሉ። ደንቡን ያውቁታል ለማለት ያስደፍራል፦ 1,000 ጫማ ላይ ፍጥነቱ፣ አወራረዱ፣ ፍላፑ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ሳንቃ) እና ጎማው ካልተስተካከለ፣ ወይም በደቂቃ ከ1,000 ጫማ በላይ እየወረደ ከሆነ ዞሮ መምጣት ነው። የበረራ ደኅንነት ፋውንዴሽን ጥናት እንደሚለው ግን እንዲህ ካልተስተካከሉ አቀራረቦች መካከል ማረፉን ትተው የሚነሡት 3 ከመቶ ገደማ ናቸው። የቀሩት ይገፉበታል። ለዚህ ውጤት የካፒቴናችን ማጉረምረም ያበረከተው ድርሻ ሳይመሰገን ማለፍ የለበትም። ሞተሩ ሪቨርስ (ግፊቱን ወደ ፊት መልሶ አውሮፕላኑን የሚያዘገየውን) ከከፈተ በኋላ ተመልሶ መነሣት ክልክል መሆኑንም ያውቃሉ፤ «አይነሣም ነበር?» ብለው የሚጽፉት አንባቢውን ለመፈተን ይመስለኛል።

መርማሪዎች ያሳዝናሉ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2008 የለንደኑ ሂትሮው ኤርፖርት ላይ አንድ ቦይንግ 777 ከማኮብኮቢያው በፊት ሣር ላይ ወደቀ። ሞተሮቹ ኃይል የነሡት በነዳጁ ውስጥ የነበረ በረዶ መተላለፊያውን ስለዘጋው ነው ለማለት ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። ካፒቴኑ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ፍላፑን ከ30 ወደ 25 ዝቅ ማድረጉ አውሮፕላኑን ትንሽ ራቅ አድርጎ እንዳሳረፈውም ጻፉ። ለ14 ሰከንድ ሥራ ሁለት ዓመት!

ሪፖርቱ ሲወጣ ካፒቴናችን አላነበቡትም። በዚያ ሰዓት ስልካቸው ላይ ሌላ አውሮፕላን እያሳረፉ ነበር።