ጀርባዋን ሰጥታን መስኮት ላይ የቆመችው ሴት

ስልኬ ውስጥ አንድ የእናቴ ፎቶ አለ። ሳሎን፣ መስኮቱ ጋ ቆማለች። መጋረጃውን በአንድ እጇ ገለጥ አድርጋ ወደ ግቢ ታያለች። ብርሃኑ ከውጭ ስለሚመጣ ፊቷ አይለይም። የነጠላዋ ጫፍ ብቻ ያበራል፤ የተቀረው ጥላ ነው። ላሳየሁት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ውይ፣ ተበላሽቷል፤ ፊቷ አይታይም እኮ!» አክስቴማ «አጥፋውና ሌላ አንሳት» ብላኛለች።

አላጠፋሁትም። ለምን እንዳላጠፋሁት ለማስረዳት ግን አንድ የቆየ ሥዕል ላሳያችሁ።

ጀርመናዊው ሠዓሊ ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪክ በ1822 ሚስቱን ካሮሊነን ሣላት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው ድሬስደን፣ ኤልበ ወንዝ ዳር ያለው ስቱዲዮው ነው። ሥዕሉ ዛሬ በርሊን ይገኛል። ትንሽ ሥዕል ነው። ክፍሉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ካሮሊነ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብላ ቆማለች። ከፊቷ አንድ የመስኮት መዝጊያ ተከፍቷል። በዚያ በኩል የዛፍ ጫፎችና የጀልባ ምሰሶ ይታያሉ። ወንዙ ራሱ ግን አይታይም። እሷ ከልላዋለች።

የፍሪድሪክ ጓደኛ ጌኦርግ ኬርስቲንግ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በሌላ ቤት፣ ፍሪድሪክን ሥራ ላይ ሥሎታል። በዚያ ሥዕል የመስኮቱ የታችኛው ክፍል በእንጨት መዝጊያ ተከርችሟል። ሠዓሊው ብርሃን የሚፈልገው ከላይ ብቻ ነበር። ሚስቱ ግን እሱ ለሥራው የሚዘጋውን ከፍታ ታያለች። እኔን የዚህ ሥዕል ፍቅር የያዘኝ እዚች ላይ ነው። ባልየው ከኋላዋ ቆሞ ይሥላል። እሷ የምታየውን እሱም አያይም። እኛም አናይም።

ፊት የሌለው ፖርትሬት (የአንድ ሰው ምስል) ነው እንግዲህ። ግን ፊታቸው ቁልጭ ብሎ ከተሣለ ብዙ ሰዎች ይልቅ እሷን የማውቃት ይመስለኛል። ስትጠብቅ፣ ስትናፍቅ ወይም ዝም ብላ አየር ስትቀበል አያታለሁ። የትኛው እንደሆነ ለመናገር ግን አልደፍርም።

ስለዚህ ፖርትሬት ውስጥ መስኮት ጌጥ ነው ሲባል አልስማማም። በማኅበራዊ ሚዲያ የማያቸው ብዙ አዳዲስ ፖርትሬቶች መስኮቱን ከጎን ያስገቡትና ጉንጭ ላይ ትንሽ ፀሐይ ያሳርፉበታል። ያምራል፤ ግን እዚያው ያልቃል። መስኮት እኮ ለተሣለው ሰው የራሱ የሆነ ነገር ይሰጠዋል። እኛ ልናየው የማንችለው፣ እሱ ብቻ የሚያየው ነገር። ይሄን ነገር መንጠቅ ያሳዝነኛል።

አክስቴ ያለ ምክንያት አልተናገረችም። በእኛ የቆየ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ያዩናል። በአንድ ዓይን፣ በጎን የሚሣለው ክፉው ነው። እዚያ መስኮት አያስፈልግም። እነዚያ ትልልቅ ዓይኖች ይበቃሉ። ለሰው ጀርባ መስጠትማ በሥዕል ቀርቶ በቤትም ነውር ነው። እንዲህ ባለ ዓይን ላደገ ሰው የእናቴ ፎቶ ቢበላሽበት አይፈረድበትም። እኔም በዚያው ዓይን ነው ያደግሁት። ፍሪድሪክን ለመውደድ ጊዜ ወስዶብኛል።

በአማርኛ «በቴሌቪዥን መስኮት አየሁት» እንላለን። ጣሊያናዊው አልቤርቲ በ1435 ስለ ሥዕል ሲጽፍ ያለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሠዓሊ የሚሥልበት አራት ማዕዘን ለእሱ እንደ ተከፈተ መስኮት ነው። ይህ ሐሳብ ለብዙ መቶ ዓመታት ሥዕልን ገዝቷል። ግን ጥያቄ የሚያነሡም ነበሩ። የኔዘርላንዱ ሠዓሊ ቨርሜር በ1650ዎቹ መጨረሻ ገደማ በሣለው ሥዕል አንዲት ወጣት በተከፈተ መስኮት አጠገብ ደብዳቤ ታነባለች። ውጭው አይታይም። መስታወቱ የሚያሳየን የራሷን ፊት ነው። ቤልጂየማዊው ሠዓሊ ማግሪት ደግሞ በ1933 መስኮት ፊት ሸራ አቆመ። ሸራው ላይ የተሣለው መሬትና ዛፍ ከኋላው ካለው ጋር ገጥሞ፣ የቱ ሥዕል የቱ ውጭ እንደሆነ መለየት ያቅታል።

ከሁሉም ጨክኖ መስኮቱን የዘጋው ፈረንሳዊው አርቲስት ማርሴል ዱሻን ነው። በ1920 ኒው ዮርክ ውስጥ አናጺ ትንሽ የፈረንሳይ መስኮት (እንደ በር ሁለት ክንፍ ያለው መስኮት) እንዲሠራለት አደረገ። በመስታወቱ ፋንታ ስምንት ጥቁር ቆዳ ገባበት። ቆዳው በየቀኑ እንደ ጫማ እንዲወለወል ፈለገ። ይህን ሳስብ ሁሌ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ሊስትሮ ነው። ጨርቁን በሁለት እጁ ወጥሮ፣ እስኪያብረቀርቅ ሲወለውል። ቆዳው የፈለገውን ያህል ቢያበራ ወደ ውጭ አያሳይም። የሥራው ስም «ፍሬሽ ዊዶው» ነው። በእንግሊዝኛ «ፍሬንች ዊንዶው» ከሚለው ከሁለቱም ቃል አንዳንድ ድምፅ ወድቆ «ባሏ በቅርቡ የሞተባት ሴት» ሆነ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። የቃል ጨዋታ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ጥቁር የለበሰ ቤት ይታየኛል።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማቲስም ከዱሻን በፊት እዚሁ ደርሶ ነበር። በ1905 በደቡብ ፈረንሳይ ኮሊዩር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የተከፈተ መስኮት ሣለ። ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ጀልባዎች፤ ደስታ የሞላበት። በ1914 ጦርነቱ በጀመረ በወራት ውስጥ እዚያው ከተማ ሆኖ ሌላ መስኮት ሣለ። ግራና ቀኝ ሰማያዊ፣ ግራጫና አረንጓዴ ቋሚ ቀለሞች አሉ። መሐሉ፣ ባሕሩ መሆን የነበረበት ቦታ፣ ጥቁር ነው። ሌላ ምንም የለም። ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ግን ከጥቁሩ ሥር የበረንዳው ብረት ፍንጭ ይታያል። ማቲስ መጀመሪያ ውጭውን ሥሎት ነበር። ኋላ ነው የሸፈነው።