መያዣ

የሰፈራችን ባለሱቅ ደሞዜ የሚገባበትን ቀን ከኔ ቀድሞ ያውቃል። ልጄን በቤት ስሟ ነው የሚጠራት። በዱቤ ደብተሩ ላይ ሙሉ ገጽ ሰጥቶኛል። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ምን የማይጽፍልኝ አለ? አንድ ሚሪንዳ ይዤ ቤቴ ልግባ ካልኩ ግን ሌላ ሰው ይሆናል።

«ባዶ ይዘሃል?»

ካልያዝኩ መያዣ አስቀምጣለሁ። ለ2 ኪሎ ስኳር በቃሌ ያመነኝ ሰው ለጠርሙስ አያምነኝም።

አልፈርድበትም። ጠርሙሱ የሱ አይደለም። አከፋፋዩ ከሱ ቆጥሮ ይረከባል፣ ፋብሪካው ደግሞ ከአከፋፋዩ። ታጥቦ እንደገና የሚሞላ ነገር ስለሆነ ጠርሙስ ማለት ፋብሪካው ለአገር ምድሩ ያዋሰው ዕቃ ነው። ባለሱቁ የጠርሙሱን አፍ በጣቱ ዳሰስ ያደርጋል። ተሸርፎ ከሆነ ይመልስልሃል፤ ቆርኪው አይገጥምማ። ከዚያ ያሸታል። ጠርሙስ እኛ ቤት ሲገባ ነዳጅም፣ ጸበልም፣ የቀለጠ ቅቤም ይገባበታልና ማሽተቱ ልክ ነው።

የኔ ችግር መንገዱ ነው። ከቤቴ እስከ ሱቁ ቢበዛ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ስድስት ባዶ ጠርሙስ በፌስታል አንጠልጥለህ ስትወጣ ግን ሁለት መቶውም እርምጃ ይጮኻል። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። በየበሩ መጋረጃ ገለጥ ይላል። «እንግዳ መጣ እንዴ?» ትላለች አንዷ። የለስላሳ ከሆነ ነው እንዲህ የሚሉህ። የቢራ ጠርሙስ ከሆነ ማንም ምንም አይልህም፤ የሚያስፈራው እሱ ነው። ማታ ወሬው ቡና ላይ ባለቤቴ ጋ ሲደርስ ስድስቱ ጠርሙስ አሥራ ሁለት ሆኖ ነው።

አንድ ክረምት ፌስታሉ ጭቃው መሃል ተቀደደ። ሦስቱ ተሰበሩ። የእድራችን ዳኛ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቆመው ያዩኛል።

«ጠጥተህ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ ገና ልገዛ ነው።»

ይህ መልስ እንዳልረዳኝ ያወቅኩት ከተናገርኩት በኋላ ነው። ፌስታልም ቢሆን በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው አዋጅ ተከልክሏል። ስለዚህ ለስሜም ለሕጉም ስል አንድ ውሳኔ ላይ ደረስኩ። የእንጨት መያዣ በገዛ እጄ እሠራለሁ።

ሳጥን አትገዛም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። የፋብሪካው ሳጥን 24 ይይዛል። ጊዮርጊስ ቢራ ከተቋቋመበት ከ1915 ዓ.ም. ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል። እስከ ዛሬ ግን ጠርሙስ በኛ አገር የሚሄደው ወይ በ24 ነው ወይ በብብት ነው። መሃል ላይ ላለነው ማንም አላሰበልንም።

ሥራው በወረቀት ላይ ቀላል ነበር። ሁለት በሦስት፣ ስድስት ክፍል። ክፍልፋዮቹ እስከ ግማሽ ቁመታቸው ይሰነጠቁና አንዱ በሌላው ላይ ይጠላለፋል፤ ምስማር አይፈልጉም። ሁለቱ የጎን እንጨቶች ከጠርሙሱ አንገት በላይ ረዘም ይላሉ። በጫፋቸው ላይ ዱላ ይሻገራል፤ እጀታው እሱ ነው። ለእጀታው የመጥረጊያ እንጨት ቆረጥኩ። ለሌላው ከጓዳ የተጋደመው አሮጌ አልጋ ርብራብ ነበረልኝ።

«የቱ አልጋ?» አለች ባለቤቴ።

«ማንም የማይተኛበት አልጋ ነዋ።»

«እናቴ ስትመጣ የምትተኛበት አልጋ?»

ሁለት ርብራብ ብቻ ነው የምወስደው አልኳት። አምስት ነበር።

የእድር ጥሩምባ ሲነፋ የማይነቃነቅ ጎረቤት የመጋዝ ድምፅ ሲሰማ ሮጦ ይወጣል። ገና የመጀመሪያውን እንጨት ሳልጨርስ ሦስት ሰው ከበበኝ። አንደኛው «ይሄማ መላጊያ ካልነካው አይሆንም» አለ። መላጊያ አለህ ወይ አልኩት፤ የለውም። ሁለተኛው ሜትሬን ተቀበለኝና እኔ የለካሁትን ደግሞ ለካው። «ልክ ነህ» ብሎ አጸደቀልኝ። ከዚያ ሜትሩን ኪሱ ከተተው። ሦስተኛው ዝም ብሎ ቆየና «አናጢ ጠፍቶ ነው?» አለ።

ጥያቄው ስለ አናጢ አልነበረም። እኛ ሰፈር ቢሮ የሚውል ሰው መዶሻ ይዞ ከታየ አንድ ነገር ደርሶበታል ማለት ነው። ሥራ ክቡር ነው የሚለውን ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን፤ ለሌላ ሰው ስንነግረው ነው የሚያምርብን። የታችኛው ቤት እትዬ በዚያ ሲያልፉ አዩኝና ቆም አሉ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «አይዞህ ልጄ፣ ሥራ አይናቅም። እግዚአብሔር የተሻለ ያመጣል» አሉኝ። ከመሥሪያ ቤት የተባረርኩ መስሏቸው ነው። ማታ በሳህን ሽሮ ላኩልን። ሽሮው ጥሩ ስለነበር አላረምኳቸውም።

የመጀመሪያው ሙከራ ለታሪክ አይበጅም። የጠርሙሱ ውፍረት 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እኔም ክፍሉን ልክ 6 አደረግኩት። ጠርሙሱ ገባ። አልወጣም። ወቅቱ ክረምት ነው፣ እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል። ለማላወሻ አንድ ሴንቲ ሜትር መጨመር ነበረብኝ። አንዷን ኮካ በሳሙና ስናሟልጭ አመሸን።

ሁለተኛው ሙከራ ደግሞ በሰው ፊት ነው የከሸፈው። ወለሉን ከሥር በምስማር ብቻ ነበር የመታሁት። ስድስት ሙሉ ጠርሙስ ከነእንጨቱ ከ4 ኪሎ ያልፋል። ሳነሳው እጀታውና ጎኖቹ ከኔ ጋር ወደ ላይ መጡ። ወለሉና ጠርሙሶቹ መሬት ቀሩ። ከምስማሩ በፊት ኮላ እንደሚቀባ የነገረኝ ያ መላጊያ የሌለው ሰውዬ ነው። ከሁሉም የከነከነኝ እሱ ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ አለቀ። በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ቫርኒሽ ቀባሁት፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው።

«አዘመመ።»

«ጠረጴዛው ነው።»

መሬት ላይ አወረድኩት። አሁንም አንገቷ ዘንበል እንዳለ ነው። ወለሉ ነው አልኳት። ልጄ ደብተሯን አጥፋ ከሥሩ ሸጎጠችለት። ባለሱቁም ባንኮኒው ላይ ሳሳርፈው «ትንሽ ወደ ግራ አላለም?» አለ። ባንኮኒህ ነው አልኩት። የእድሩ ዳኛ መንገድ ላይ አግኝተው ተመሳሳይ ነገር ሲሉኝ መንገዱ ነው አልኳቸው። በዚያን ሰሞን በሰፈራችን ቀጥ ያለ ነገር ቢኖር የኔ መያዣ ብቻ ነበር።

ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ይሠራል። እያንዳንዱ ጠርሙስ በየክፍሉ ነውና ቅጭል የሚባል ነገር የለም። ሁለት መቶውን እርምጃ እንደ ቄስ በጸጥታ ሄጄ እመለሳለሁ። መጋረጃ የሚገልጥ የለም።

ችግሩ ያማረ መሆኑ ነው። እኛ ሰፈር እጀታ ያለው ዕቃ የግል አይደለም። መጀመሪያ ለክርስትና ተጠየቅኩ። ከዚያ ለማኅበር፤ ጠላ በጠርሙስ ተሞልቶበት ሄደ። እትዬ «እቺን ነገር አንዴ አውሰኝማ» ብለው ለጸበል ወሰዱት። እኔ ዘንድሮ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አልሄድኩም፤ መያዣዬ ግን ሁለት ጊዜ ደርሶ መጥቷል። ከሳቸው ዘንድ ወደ አንድ ልቅሶ ቤት አለፈ፤ ዱካው የጠፋውም እዚያ ነው። ከልቅሶ ቤት ዕቃ ማስመለስ ነውር ነው። አርባው ይውጣ ብዬ ጠበቅኩ። አርባው ወጣ። መያዣው አልወጣም።

ለገና አማቴ መጡ። አልጋው ላይ አረፍ ሲሉ የሆነውን አልተርክም። እሳቸውን አንስተን፣ አቧራቸውን አራግፈን ስናበቃ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአምቦ ውሃ። ባለቤቴ ዓይኔን ሳታይ «ስድስት ይዘህ ና» አለችኝ።

መያዣው እድሩ ዕቃ ቤት እንዳለ ወሬው ደርሶኝ ነበር። ሄድኩ። ብረት ድስቶቹ ተደራርበዋል፣ ድንኳኑ ተጠቅልሏል፣ አግዳሚዎቹ ግድግዳ ተደግፈዋል። በነሱ መሃል የኔ መያዣ ጉብ ብሏል። ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም «እድር 47» ተጽፎበታል። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ጡረተኛ ናቸው፤ ማንኪያ ሳይቀር የሚቆጥሩ ሰው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የኔ ነው» አልኳቸው።

«የእድሩ ነው። ቁጥር አለው።»

«በገዛ እጄ ነው የሠራሁት!»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እኔ ነኝ የሠራሁት ያለኝ አንተ አራተኛው ነህ። አንዱማ በመላጊያ እንዴት እንዳለሰለሰው ሳይቀር አስረድቶኛል።»

ምን ልበል?

«ለማንኛውም አባል ነህና መውሰድ ትችላለህ» አሉ። «መያዣ አስቀምጥ።»

ለመያዣው መያዣ። 200 ብር አወጣሁ። እሳቸው መዝገቡን ገለጡና በቀስታ ጻፉ፤ የጠርሙስ መያዣ፣ የእንጨት፣ ብዛት አንድ። ልፈርም ጎንበስ ስል ከግርጌ ያለውን አነበብኩ። ጎድሎ ወይም ተበላሽቶ የተመለሰ ዕቃ ቢኖር የወሰደው ሰው ይከፍላል ይላል። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። መያዣውን አንስቼ ጠረጴዛቸው ላይ አደረግኩት። አንገቴን ዘንበል አድርጌ አየሁት። ወደ በሩ ዞር አልኩ፤ የሚሰማ ሰው የለም።

«ጋሼ፣ ስረከበው የነበረበት ሁኔታ አብሮ ይጻፍልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«በግራ በኩል ያዘመመ።»

ጎንበስ ብለው አዩት፤ ጠረጴዛውን በእጃቸው ነቅነቅ አደረጉት። «ኧረ እሱስ ጠረጴዛዬ ነው» አሉ።

«አይደለም ጋሼ» አልኳቸው፤ «መያዣው ነው። ይጻፉልኝ።»