ደጅ ሲዘጋ የቆሎ ተማሪው ምን ይብላ?

«በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን ድምፅ ጎጃም ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደበሎ የለበሰ ልጅ የልመና አኮፋዳውን አንግቶ ደጅ ይቆማል። ውሻው ይጮኻል። እናት ቁራሽ ይዛ ትወጣለች። በጎጃሞቹ የቅኔ ቤቶች በዲማም በዋሸራም ቅኔው የኖረው በዚህ ቁራሽ ነው።

በ2012 ኮቪድ ሲመጣ ምክሩ «ቤታችሁ ተቀመጡ» ነበር። ለእኔ ቀላል ነው። ቤት አለኝ፣ ሽሮም አለኝ። የቆሎ ተማሪው ቤት ግን ከጓደኞቹ ጋር ተጠጋግቶ የሚተኛባት ጎጆ ናት። ምግቡ ያለው ሰው ደጅ ነው። «ርቀትህን ጠብቅ» ስንለው «አትብላ» ማለታችን ነበር።

ሕጉ ችግሩን አያውቅም እንዳይባል፣ ያውቃል። መጋቢት 2012 መጨናነቅ ለመቀነስ ከ4,000 በላይ እስረኞች በይቅርታ ተለቀዋል። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ማስፈጸሚያ ደንቡ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይ እንዳይጨምር፣ አሠሪም ሠራተኛውን እንዳያሰናብት ከለከለ። መንግሥት እንቅስቃሴ ሲገድብ፣ በገደቡ የሚጎዳውን ሰው የመከለል ግዴታም ይመጣበታል ማለት ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን የደረሰው ለተከራይና ለባለ ደመወዝ ነው። አኮፋዳ ውል የለውም።

ሕገ መንግሥቱስ? አንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ የቀሩ ልጆችን አቅም በፈቀደ መጠን እንዲረዳ ያዛል። የቆሎ ተማሪው እዚህም ይንሸራተታል። ወላጅ አልባ አይደለም፤ ወላጆቹ ሌላ ወረዳ ናቸው፤ ምናልባት ጠፍቶባቸው ነው የመጣው። ቀበሌው «የእኛ ልጅ አይደለም» ይላል። የጤና መድኑም የሚመዘገበው በቤተሰብ ነው። ማን አባወራ ነው በስሙ የሚያስመዘግበው?

«አቅም በፈቀደ» የምትለዋ ሐረግ ደግሞ ለቢሮ ሰው ትመቻለች። «በጀት የለም» ብሎ መገላገል ነው። እሺ፣ አይኑር። በየጉባኤ ቤቱ ስንት ልጅ እንዳለ ለማወቅ ስንት ብር ያስፈልጋል? የኔታን መጠየቅ እኮ ነው!

ኮቪድ አልፏል የሚል አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ኮሌራም ወባም ክልላችንን አዳርሰዋል። በቅማል የሚተላለፈው፣ ተሻለ ሲሉት የሚያገረሸው ትኩሳትም ተፋፍገው የሚተኙትን ነው የሚወደው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት ወረርሽኝ ሲነሳ ክልሉም የራሱን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጅ ይችላል። ቀጣዩን የሚያረቅ ሰው አንዲት አንቀጽ ይጨምርልን፦ ለምኖ የሚማር ተማሪ ያለበት ቀበሌ፣ ደጅ በተዘጋ በሦስተኛው ቀን እህል ጉባኤ ቤቱ ድረስ ያደርሳል። ዱቄቱ ይምጣ እንጂ ጋግሮ መብላቱን ልጆቹ አያጡትም።