14 ቀን ይመረቅልን

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ በዋስ ይፈታ ተባለ። ቤተሰብ እልል አለ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሌላ ጣቢያ ገባ። ይህን ሰምቶ የሚያማርር አይጠፋም። እኔ ግን መርማሪውን ላመስግን። ትጋቱን ማን አየለት?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ሰዓቷ አንዳንዴ ትለጠጣለች እንጂ መቅረቡስ ይቀርባል። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ለምርመራ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አትስጡ አለ። ስንት ጊዜ የሚለውን ግን ሳይናገር አለፈ። የኛ ሰው ይህችን ቀዳዳ እንዴት ይሳታት?

መጀመሪያ ያስራል፤ ማስረጃው በኋላ ይደርሳል። በመጀመሪያው ቀጠሮ «የምስክር ቃል እየተቀበልን ነው» ይላል። 14 ቀን። ቀጥሎ «ስልኩን ለቴክኒክ ምርመራ ልከናል»። 14 ቀን። ከዚያ «ውጤቱ አልመጣም»። ከዚያ «ያልተያዙ ግብረ አበሮች አሉ»። እነማን ናቸው? «እሱን ለማወቅ ነው 14 ቀን የጠየቅነው»። ከዚያ «በዋስ ቢወጣ ማስረጃ ያጠፋብናል»። የቱን? ያልተገኘውን። በመጨረሻ ዳኛው ዋስትና ይፈቅዳሉ። ገንዘብ ከዘመድ ተለቃቅሞ ይከፈላል። በሩ ይከፈታል። በሩ ላይ ፓትሮል ቆሟል። «ሌላ ጣቢያ ትፈለጋለህ»። እዚያም ከሀ ይጀመራል፦ ምስክር፣ ስልክ፣ ግብረ አበር። ስልኩ እኮ የቀድሞው ጣቢያ ነው ያለው! «እሱን ለማስመጣት ክቡር ፍርድ ቤቱ 14 ቀን...»

ጋዜጠኛ ከሆነማ ክብሩ ይለያል። አዋጅ 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን ወንጀል የተከሰሰ ሰው ለምርመራ ሳይታሰር በቀጥታ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። መላው ቀላል ነው። ጠዋት ጋዜጠኛ የነበረው ማታ «ሁከት ቀስቃሽ» ይሆናል።

ቀልዱ ይቅር። ጥፋተኛ ነው ካላችሁ ክሰሱት። ካልሆነ ልቀቁት። ስንቅ ይዛ ከጣቢያ ጣቢያ የምትንከራተትን እናት «እዚህ የለም» ብሎ መመለስ ምን የሚሉት ሕግ ማስከበር ነው? በ2010 ማዕከላዊ የሚባለው የምርመራ እስር ቤት ተዘጋ ብለን ተቃቅፈን ነበር። የተዘጋው ግቢው ነው። ልማዱ ዋስ እንኳ ሳይጠራ ተፈቷል።

የሠፈሩንም ፈላስፋ ሳላመሰግን አላልፍም። ሰው በተያዘ ቁጥር «ዝም ብለው አያስሩም» የሚለውን። ወንድሙ በተያዘ ማግስት ግን አንቀጽ 19ን ከነንዑስ አንቀጹ በቃሉ ሸምድዶት አገኘሁት።